ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቴ እስኪበርድ ብጠብቅ የተሻለ አድርጌ እጽፈው ይሆናል ብዬ ነበር፤ ስምንት ወር ጠበቅሁ፣ አልበረደም። ስለዚህ እንዳለ እነግራችኋለሁ።

አበልጄ ኦቲሊያ ሬንዶን ትባላለች። የመጨረሻ ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ እሷ ናት። ከሜክሲኮ፣ ማቴዋላ ከምትባል ከተማ መጥታ ሳን አንቶኒዮ ከገባች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ቁመቷ ትከሻዬ ላይ አይደርስም፤ ድምጿ ግን ከመንገድ ማዶ ይሰማል። አውቶቡስ ስትሳፈር ሹፌሩን ሰላም ትላለች፣ ከሹፌሩ ኋላ የተቀመጠውን ሰላም ትላለች፣ ጆሮውን በሙዚቃ የደፈነውን ጎረምሳ ትከሻውን ነካ አድርጋ፣ ማዳመጫውን አስወልቃ ሰላም ትላለች። ሁሉንም በስፓኒሽ። እሷ ዘንድ ሰውን ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው።

እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። እናቴም አያቴም እዚሁ ነው የተወለዱት። እዚህ አገር እንግሊዝኛ የሚባል ነገር ሳይሰማ በፊት የእኛ ሰዎች በስፓኒሽ ይጋቡ፣ በስፓኒሽ ይጣሉ፣ በስፓኒሽ ይቀበሩ ነበር። ይሁንና እናቴ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ክፍል ውስጥ ሽንት ቤት ለመሄድ በስፓኒሽ ፈቃድ ጠየቀች። አስተማሪዋ መዳፏን በእንጨት መታቻት። ልጅቷም ሽንቷ እዚያው አመለጣት። ከዚያ በኋላ እናቴ እኛን ስታሳድግ ስፓኒሽ የምታናግረን መስኮት ዘግታ ነበር። በሐምሌ፣ በሳን አንቶኒዮ ሙቀት፣ መስኮት ዘግታ! እኛ ልጆቿ በላብ ተጠምቀን ተረት እንሰማለን። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ኦቲሊያ ግን እንዲህ ያለ ነገር አታውቅም። መስኮቷ ክፍት ነው። አንድ ቀን ገበያ አዳራሽ ውስጥ ሒሳብ ለመክፈል ተሰልፈን «አበልጄ፣ ይሄ አቮካዶ በስሏል ወይስ እንዲሁ ጠቁሮ ነው?» እያለች ስታወራኝ፣ ከኋላችን የቆመች ሴትዮ «እዚህ አገር እንግሊዝኛ ነው የሚወራው» አለች። ጮክ ብላ፣ ሁሉ እንዲሰማ። ኦቲሊያ ዞር ብላ ጥርሷን ገልጣ፣ በምታውቃት ትንሽ እንግሊዝኛ «አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ» አለቻት።

እኔ ግን ዞርኩባት። «አንቺን ማን አናገረሽ? ስለ አቮካዶ ነው የምናወራው! አንቺ ምን አገባሽ?» አልኳት በእንግሊዝኛዋ። ሴትዮዋ ድንች መስላ ቀረች። ኦቲሊያ ክንዴን ሳበችኝ።

«ምን አለችኝ?»

«ምንም። ሰላም አለችሽ።»

«ታዲያ ሰላም ያለን ሰው ትቆጫለሽ? አይ አንቺ! አመልሽ እኮ ነው የሚያስረጅሽ።»

እንደዚህ ናት። እኔ ደግሞ እንዲህ ነኝ።

አብረን የምንሠራው ከከተማው ደቡብ ጫፍ፣ የሆቴል አንሶላና የሆስፒታል ጋውን በሚታጠብበት ቦታ ነው። ሠላሳ ሴቶች ነን፤ ከሠላሳችን ሃያ ሰባታችን የስፓኒሽ ተናጋሪዎች ነን። ሥራው እጅ ያቆስላል፣ ወገብ ይሰብራል፤ ግን የጤና መድን አለው። የኦቲሊያ ባል ፊደንሲዮ ስኳር አለበት፣ በቀን ሁለት ጊዜ መርፌ ይወጋል። መርፌው የሚመጣው በእሷ መድን ነው። እሷ ከሥራ ከወጣች መርፌው የለም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ ተቆጣጣሪ መጣልን። ደረቱ ላይ «ሮይ» የሚል ስም ለጥፏል። እኔ ግን ሮሴንዶ ካንቱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከቤቴ ሦስተኛው በር የእናቱ የእማማ ኤሎይሳ ቤት ነው፣ እዚያ ነው ያደገው። እማማ ኤሎይሳ እዚህ ከተማ አርባ ዓመት ኖረው አሥር የእንግሊዝኛ ቃል አያውቁም። ልጃቸው በመጣ በሳምንቱ ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጠፈ፦ «በሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ብቻ። ለደህንነት ሲባል። ሦስት ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ይሰናበታል።»

ሄጄ ጠየቅሁት። «ሮሴንዶ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ስሜ ሮይ ነው፣ ሚስ ኤልቪያ። ደግሞ በእንግሊዝኛ ያናግሩኝ።»

ድሮ «እትዬ» ይለኝ ነበር። አሁን «ሚስ» ሆንኩ።

«ንፍጥህን ስጠርግልህ ስምህ ሮሴንዶ ነበር» አልኩት። ይህንንም በእንግሊዝኛ ነው ያልኩት፤ እንዳይጽፍብኝ።

ከላይ ታዝዞ ይሆናል። ይሁን። ሰው ይታዘዛል። ግን ትእዛዝን ፊቱን አጨፍግጎ የሚፈጽም አለ፣ ደስ ብሎት የሚፈጽም አለ። ሮይ ሽቶ ተቀብቶ ነበር የሚፈጽመው።

ኦቲሊያ የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ያገኘችው ከጎኗ የምትሠራ ሴት ስላስነጠሰች ነው። «ይማርሽ» አለቻት፣ በስፓኒሽ። ተጻፈባት። ሁለተኛውን ያገኘችው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። «አበልጄ፣ ጨው አቀብዪኝ» አለችኝ። ምሳ ሰዓት እኮ ነው! ጨው እኮ ነው! ተጻፈባት። ሮይ ወረቀቱን ከምሳ ዕቃዋ ጎን አስቀምጦ በእግሩ ጫፍ ሄደ።

ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ ሹፌሩን ሰላም አላለችም። ቦርሳዋን አቅፋ ቁጭ አለች።

«ሦስተኛው ከመጣ የፊደንሲዮ መርፌ ቀረ ማለት ነው» አለችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ አንድም ቃል ወደ እንግሊዝኛ ሳልመነዝረው ከአፌ አይወጣም።»

«አንቺማ ዝም ብትይ ይሻልሻል።»

«ዝም ማለት አልችልበትማ! ዝም ካልኩ የሞትኩ ነው የሚመስለኝ። እመነዝራለሁ አልኩሽ።»

እውነቷን ነው፣ መነዘረች። እያንዳንዱን የስፓኒሽ ቃል አንድ በአንድ እየፈታች በእንግሊዝኛ ትገጣጥመው ጀመር። እኛ ዘንድ ምግብ ሲቀርብ «ይጥቀማችሁ» ይባላል፤ እሷ ቃሉን ፈትታ በእንግሊዝኛ «ጥሩ ትርፍ!» ትለን ጀመር። መኪና የሚያራግፈው ነጭ ሰውዬ ሱቅ የከፈትን መሰለው። እኛ ዘንድ ሰው ሲጠራን «አቤት» የምንልበት ቃል ቢፈታ «እዘዙኝ» ማለት ነው፤ ሮይ ሲጠራት «እዘዘኝ!» ትለዋለች፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ። ሮይ ይቀላል። እኛ በአንሶላ ፊታችንን ሸፍነን እንስቃለን። እኔም ስቄያለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት።

አሁን ወደ ነሐሴው ማክሰኞ ልምጣ።

አንሶላ የሚተኮስበት ትልቅ ማሽን አለ። ሁለት ሴቶች ከፊቱ ቆመው አንሶላውን ጫፉን ይዘው ያጎርሱታል። ያን ቀን ጓደኛዋ ውሃ ልትጠጣ ሄዳ ቼላ ብቻዋን ነበረች። ቼላ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፣ ከዛካቴካስ፤ እጇ ፈጣን፣ ጸጉሯን ሁልጊዜ በእርሳስ የምትጠቀልል። ከኋላዋ ወለሉ ከማጠቢያዎቹ ጀምሮ ወደ እሷ ይዘቀዝቃል። እርጥብ አንሶላ የጫነ የብረት ጋሪ ከላይ ቆሞ ነበር። የጋሪው ፍሬን እንደሚለቅ ሦስት ጊዜ ተናግረናል፤ በእንግሊዝኛ ተናግረናል። ማንም አላሠራውም።

እኔ ከወዲያ ማዶ ፎጣ አጥፋለሁ። ጋሪውን ምሰሶ ከልሎኛል፤ ኦቲሊያን ግን ፊት ለፊት አያታለሁ።

እዚህ ላይ አንዲት ቃል ልንገራችሁ። «አጓስ!» እንላለን እኛ። ቢፈቱት «ውሃዎች» ማለት ነው፤ ግን ሲሰማው ስለ ውሃ የሚያስብ ማንም የለም። «መጣብህ! ዞር በል!» ማለት ነው። ኳስ ሲመጣ «አጓስ!»፣ መኪና ሲመጣ «አጓስ!»፣ ባል ሌላ ሴት ሲያሽኮረምም ሚስቱ ብቅ ስትል «አጓስ!»። ቃሉ ከእናት ጡት ጋር ነው የሚገባው። የሰማ ሰው መጀመሪያ ይዘላል፣ ከዚያ ነው የሚያስበው።

የኦቲሊያ አፍ ሲከፈት አየሁ። ዓይኗ ፈጧል። ቃሉ ምላሷ ላይ እንደነበር የከንፈሯ አከፋፈት ይናገራል። ወዲያው ዓይኗ ወደ ጎን ሄደ፤ ሮይ ከመስታወት ቢሮው በር ላይ ቆሟል። ዓይን ርግብ የሚልበትን ያህል ጊዜ ነው። አፏ ተመልሶ ተገጠመ፣ እንደገና ተከፈተ።

«ውሃ!» ብላ ጮኸች፣ በእንግሊዝኛ።

ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ «ውሃ!» ማለት ምን ማለት ነው? ወለሉ ርሷል፣ እንዳትንሸራተቺ ማለት ነው። ቼላ ያደረገችው ልክ ይህንኑ ነው። አልዘለለችም። ቀጥ ብላ ቆመች። እግሯ ሥር አየች። እንዳትንሸራተትም ቀኝ እጇን የማሽኑ ጠርዝ ላይ አሳርፋ ተደገፈች። ጋሪው መጥቶ እጇን ከማሽኑ ጋር አጣበቀው።

ሦስት ጣት። ሐኪሞቹ ማዳን አልቻሉም።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ኦቲሊያ ከጎኔ ተቀምጣ መዳፏን ታገላብጣለች። «እኔ ነኝ የቆረጥኳቸው» አለች።

«ጋሪው ነው።»

«አይደለም። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት። ስለ መርፌ አሰብኩ፣ ዋጥኩት።»

«አንቺ አልዋጥሽውም! አስዋጡሽ እንጂ!» ብዬ ጮኽኩ። ነርሷ ዝም እንድል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። በየሄድኩበት ዝም በይ የሚለኝ አላጣም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ኦቲሊያንና እኔን ከሥራ ላይ ወደ ቢሮ ጠሩን። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ሃስኬል አለ። ሮይ አለ። በሥራ ላይ ለተጎዳ ካሳ ከሚከፍለው የመድን ድርጅት የመጣች ወይዘሪት ኮልማን የምትባል ሴት ብዕር ይዛ ተቀምጣለች። ሚስተር ሃስኬል የጻፈው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው፦ ቼላ ተዘናግታ ነበር፣ ኦቲሊያ ጋሪውን እያየች አላስጠነቀቀቻትም፣ ጥፋቱ የሠራተኞቹ ነው። ይህ ከጸደቀ ቼላ ለጣቶቿ አንዲት ሳንቲም አታገኝም። ኦቲሊያ እንድትፈርምበት ነው የተጠራችው።

ወይዘሪት ኮልማን ክፉ ሴት አልነበረችም። «ከፈለጉ በስፓኒሽ ይንገሩኝ» አለቻት። «ሚስተር ካንቱ ይተረጉሙልኛል።»

አያችሁልኝ? ጨው ስትጠይቅ ክልክል የነበረው ቋንቋ፣ እነሱ ሲፈልጉት ተፈቀደ!

ኦቲሊያ ራሷን ነቀነቀች። በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ «ስፓኒሽ እዚህ የለም» አለች። «ወረቀት ግድግዳ ላይ። እኔ ሁለት አለኝ። ሦስት አልፈልግም።»

ከዚያ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ተናገረች። ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ላቧ በአንገቷ ይወርዳል፤ ቃል ሲጠፋት በእጇ ታሳያለች፣ ጋሪውን፣ ቁልቁለቱን፣ የቼላን እጅ። ማንም አላገዛትም። እኔ ላግዛት ስል ሚስተር ሃስኬል «ተራዎ ይደርሳል» አለኝ።

«ስለዚህ አስጠንቅቀዋታል» አለች ወይዘሪት ኮልማን። «ምን ብለው?»

«ውሃ።»

«ወለሉ ላይ ውሃ ነበረ?»

«ውሃ የለም።»

«ውሃ ሳይኖር ለምን ውሃ አሉ?»

«ለእኛ፣ ውሃ፣ ውሃ አይደለም። ውሃ፣ ሩጪ ማለት።» ኦቲሊያ ወደ ሮይ ዞረች። «እሱ ያውቃል።»

«ልክ ናት!» አልኩ እኔ። «እኛ ዘንድ እንዲህ ተብሎ ነው የሚጮኸው፤ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ያውቀዋል!»

ወይዘሪት ኮልማን «እርስዎ ወዳጅዋ ነዎት፣ አስተርጓሚውን ልጠይቅ» አለችና ወደ ሮይ አየች። «ሚስተር ካንቱ፣ በስፓኒሽ ይህ ቃል የማስጠንቀቂያ ትርጉም አለው?»

ሮይ ክራቫቱን ነካካ። ሚስተር ሃስኬልን አየ። በሰፈራችን መንገድ ላይ ኳስ ሲጫወት መኪና በመጣ ቁጥር ያንን ቃል እየጮኸ ልጆቹን የሚበትናቸው እሱ ነበር። በመስኮቴ ነው የማየው። ድምጹ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

«የለውም» አለ። «ውሃ ውሃ ነው። ሌላ ትርጉም ሰምቼ አላውቅም።»

ሚስተር ሃስኬል ብዕር አውጥቶ ወደ ኦቲሊያ ገፋላት። ኦቲሊያ ብዕሩን አየችው። ብድግ አለች። ልትፈርም ነው አልኩ በልቤ። እሷ ግን አየር ሳበች፣ ደረቷ ሲነፋ ታየኝ፤ ያንን ከመንገድ ማዶ የሚሰማውን ድምጿን አወጣችው።

«አጓስ!»

ሚስተር ሃስኬል አፉን ከፍቶ ኦቲሊያን አየ። ወይዘሪት ኮልማን ደንግጣ ኦቲሊያን አየች። ሁለቱም ከወንበራቸው አልተነሱም። ሮይ ግን ወንበሩን ገልብጦ ግድግዳው ጥግ ደርሷል። ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ፣ ኦቲሊያን ሳይሆን ከወንበሩ ኋላ የነበረውን በር ያያል፤ የሚመጣበትን ነገር ይፈልጋል።

ምንም አልመጣበትም። ቀስ ብሎ እጁን አወረደ።

«ሚስተር ካንቱ» አለች ወይዘሪት ኮልማን፣ «ከምንድነው የሸሹት?»

ጎንበስ ብሎ ወንበሩን አነሳ። አንገቱ እስከ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። ኦቲሊያ ቁጭ አለችና ብዕሩን መልሳ ወደ ሚስተር ሃስኬል ገፋችው። «አሁን፣ ጻፊ» አለቻት ሴትዮዋን በእንግሊዝኛ። ሴትዮዋ ጻፈች።

ቼላ ካሳዋን አገኘች። የመድን ድርጅቱ ውሳኔ ሠራተኛዋ ማስጠንቀቂያ እንደሰጠች፣ ነገር ግን በራሷ ቋንቋ ለመስጠት እንደተከለከለች ይናገራል። እኔም ሞኝ ነኝና ነገሩ አለቀ ብዬ ተደሰትኩ። ሁለታችንም በአውቶቡስ ስንመለስ ሹፌሩን ሰላም አልነው።

አርብ ዕለት ኦቲሊያ ፖስታ ይዛ ቤቴ መጣች። «አንብቢልኝ» አለችኝ። አነበብኩላት። ሦስተኛ ማስጠንቀቂያና ስንብት ነው። ሠራተኛዋ በሥራ ሰዓት፣ በድርጅቱ ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ በስፓኒሽ ጮኻለች ይላል። የጮኸችው ቃልም ተጽፏል። ከታች የሮይ ፊርማ።

ወረቀቱን ልቀደው ነበር፤ እሷ ናት እጄን የያዘችው። እኔም ሥራውን ትቼ ልወጣ ስል «አንቺ ደግሞ የምን ጀግና ነሽ፣ ልጆችሽን ማን ያበላል?» ብላ ከለከለችኝ። ስለዚህ እስካሁን እዚያው ፎጣ አጥፋለሁ፣ አፍሬ። እሷ የሰው ቤት ታጸዳለች። የሰው ቤት ማጽዳት መድን የለውም። ፊደንሲዮ መርፌውን እንዲበቃው እየቀነሰ ነው የሚወጋው፤ ባለፈው ወር የግራ እግሩ ጣት ጠቆረ። ይህንንም ለማን እንደምነግረው አላውቅም፣ ለእናንተ ነገርኳችሁ።

የዚያን ቀን ግን ቤቴ መቀመጥ አልቻልኩም። ወረቀቱን ይዤ ሦስተኛው በር ሄድኩ። እማማ ኤሎይሳ በረንዳቸው ላይ ባቄላ ይለቅማሉ።

«ልጅዎ የጻፈው ነው» ብዬ ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። የልጃቸውን ፊርማ ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ እንግሊዝኛውን ዝም ብለው በጣታቸው ይከተሉታል። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። ከወረቀቱ ሁሉ ሊያነቧት የቻሉት ቃል እሷ ብቻ ነበረች። ሮይ አሳምሮ ነው የጻፋት፤ እንግሊዝኛ የማያውቀው፣ ከቃሉ ፊት የሚቆመው ያ የሥላቅ ምልክት የሚመስል የተገለበጠ ቃለ አጋኖ እንኳ አልቀረም። ከሃስኬል ቢሮ ውስጥ ያን ምልክት ማስቀመጥ የሚያውቅ ሌላ ማንም የለም።

«¡አጓስ!» ብለው አነበቡ። ቀና ብለው በፍርሃት አዩኝ። «በእናትሽ፣ ልጄ ላይ ምን ሊደርስበት ነው? ከምን ተጠንቀቁ ነው የሚለው?»

«እሁድ ለምሳ ሲመጣ ይጠይቁታ!» አልኳቸው። «እንደ ልማድዎ ይጠይቁት፣ በስፓኒሽ። ከዚያ ይጻፍብዎታል።»